የምክር ዓምድ፦ እናቴ የሳንባ ካንሰር እንዳለባት አታውቅም፣ ልንገራት?

«ሰላም እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ አንድ ቀን እኔ ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። 34 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ አንድ ልጅ አለኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እማዬ 59 ዓመቷ ነው፣ ቤቷ ደብረ ብርሃን ነው። አባታችን ልጆች ሆነን ነው የሞተው፣ ሶስታችንንም አረቄ እያወጣች እየሸጠች ነው ያሳደገችን። በህይወቷ አንድ ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፣ አረቄውን ራሱ ለመቅመስ ያህል እንጂ አትጠጣም።

አምና መስከረም አካባቢ ሳል ጀመራት። ብርድ ነው አልን፣ ዝንጅብል በማር፣ ጤና አዳም፣ ከዛ አንቲባዮቲክ፣ ምንም። ሀኪም ቤት ሄዳ ራጅ ተነሳች፣ አክታዋ ላይ ባይገኝም ራጁ ቲቢ ይመስላል ብለው መድሀኒት አስጀመሯት። አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳታቋርጥ ዋጠች፣ ግን እየከሳች ሄደች እንጂ አልተሻላትም። መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላ እንኳን ትንፋሽ ሲያጥራት አዲስ አበባ አመጣኋት። ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል ብለው አንድ ሊትር ተኩል ቀዱላት፣ ሲቲ ስካን ተነሳች፣ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ እኔን ብቻ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ካንሰር ነው አለኝ፣ ወረቀቱ ላይ አዲኖካርሲኖማ ይላል፣ የተቀዳው ውሃ ውስጥም ተገኝቷል አለኝ። ከዛ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።

ለእማዬ ውሃ ነው፣ ተቀዳ፣ አለቀ አልናት። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹እንዳትነግሯት፣ ከሰማች በድንጋጤ ትሞታለች፣ የደብረ ብርሃኑን ቤት ሽጡና ህንድ ሄዳ ኦፕሬሽን ትደረግ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ› ይላል። ታናሽ እህቴ ደሞ ኬሞ ወስዶ የተረፈ ሰው አላየሁም፣ ጸበል ነው የምወስዳት ብላ ድርቅ ብላለች። የባለቤቴ አክስት ሊጠይቁ መጥተው ‹ታጨስ ነበር እንዴ?› ሲሉኝ የምገባበት ጠፋኝ።

ባለፈው ሌሊት አብረን ተኝተን ‹ልጄ፣ ይሄ ነገር ቲቢ አይደለም አይደል?› አለችኝ። ‹ተኚ እማዬ› አልኳት። ዝም አለች፣ እኔም እስኪነጋ አልተኛሁም። ልንገራት? ወንድሜን ልስማ? ቤቱን እንሽጥ? የሚቀጥለው ማክሰኞ ከካንሰር ሀኪም ጋር ቀጠሮ አለን። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ሺሻ አጨስ ነበር፣ እስካሁንም አንዳንዴ ከጓደኞቼ ጋር፣ እሱም ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል።

እንቅልፍ ያጣች ልጅ፣ ከአዲስ አበባ»

የኔ እህት፣ እናትሽ ሌሊት የጠየቁሽን እስኪ ደግመሽ አንብቢው። «ቲቢ ነው ወይ?» አላሉም፣ «ቲቢ አይደለም አይደል?» ነው ያሉት። አራት ወር የቲቢ መድሀኒት ውጦ ያልተሻለው ሰው፣ ቀሚሱ በየሳምንቱ ሲሰፋበት ያየ ሰው፣ ልጁ ከኮሪደር አይኗ ቀልቶ ስትመለስ ያየ ሰው ምን የሚያስብ ይመስልሻል? እኔ እንደሚመስለኝ እናትሽ ግማሹን ያውቁታል፣ የቀረውን ደሞ ካንቺ ፊት ላይ እያነበቡት ነው፣ ያጡት አብሯቸው የሚያወራ ሰው ነው።

አንድ ነገር ላውጋሽ። ነርሲንግ ተማሪ እያለሁ አጎቴ ታመሙ፣ የሳቸውም ሳንባ ነበር፣ እሳቸው እንኳን ሲጋራ ከኪሳቸው አይጠፋም። ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዳይነገራቸው ተባለ። አንድ ቀን ከሆስፒታል የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው መጡና «እስኪ አንቺ ፈረንጅኛውን ታነቢያለሽ፣ ምን ይላል?» አሉኝ። አየሁት፣ ያለውን አየሁት፣ «ሳንባ ምች ነው ጋሼ፣ መድሀኒቱን ከጨረሱ ይሻልዎታል» አልኳቸው። ወረቀቱን አራት ላይ አጥፈው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት፣ «እሺ ይሁን» አሉ፣ ከዛች ቀን በኋላ ስለ ህመማቸው አንዲት ቃል ጠይቀውኝ አያውቁም። ሞተው አርባቸው ሲወጣ ሰፈራቸው ፋርማሲ የሚሰራ ልጅ መጥቶ ነው የነገረን፣ ለካ እኔ ጋ በመጡ ማግስት ወረቀቱን እሱ ጋ ወስደው አስነብበውታል። አራት ወር ሙሉ ያውቁ ነበር እኮ፣ እኛ እንዳንጨነቅ ብለው እሳቸው ዝም አሉ፣ እሳቸው እንዳይጨነቁ ብለን እኛ ዝም አልን፣ እንዲሁ ስንዋሻሽ ሄዱ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽሽም።

ግን ሂጂና ዛሬውኑ ዘርግፊላቸው እያልኩሽም አይደለም። እኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው እንደ መርዶ ነው፣ በሌሊት፣ ሰው ሰብስቦ፣ በአንዴ፣ ይሄ ግን መርዶ አይደለም፣ እናትሽ በህይወት አሉ። መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ እሳቸውን ጠይቂያቸው። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተሽ፣ «እማዬ፣ ያን ሌሊት የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም፣ ሀኪሞቹ ያሉትን ሁሉ እንድነግርሽ ትፈልጊያለሽ ወይስ እኔ ልያዘውና የሚደረገውን ብቻ ልንገርሽ?» በያቸው፣ ከዛ ዝም በይ፣ ዝምታው ቢረዝምም አትሙዪው። «አንቺ ጨርሺው፣ እኔ አልሰማም» ካሉ እሱም የራሳቸው ውሳኔ ነው፣ ታከብሪላቸዋለሽ። «ንገሪኝ» ካሉ ደሞ በትንሽ በትንሹ፣ ሳንባሽ ላይ ዕጢ አለ፣ ቲቢ እንዳልሆነ አሁን ነው የታወቀው፣ መጥፎው ዓይነት ነው፣ ማክሰኞ ሀኪሙ ምን ምን መድሀኒት እንዳለ ይነግረናል፣ አብሬሽ ነኝ። ካንሰር የሚለውን ስም እሳቸው ከጠሩት ግን አትካጂ። ብቻሽን ከከበደሽ ሀኪሙ እንዲነግራቸው መጠየቅ ትችያለሽ፣ አንቺ እጃቸውን ይዘሽ፣ ያንን ነገር በየቀኑ የሚያደርጉ ሰዎች ናቸው።

ወንድምሽ «በድንጋጤ ትሞታለች» ያለውን ብዙ ቤተሰብ ይለዋል፣ እኔ በሰራሁባቸው ዓመታት ግን ይበልጥ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፣ በሽተኛው ያለቅሳል፣ ሁለት ሶስት ቀን ምግብ እምቢ ይላል፣ ከዛ «እሺ ምን ይደረግ?» ይላል። ደሞ በተግባርም አስቢው። ጥቁር አንበሳም ሆነ ሌላ ቦታ የካንሰር ክፍል ወረፋ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጎናቸው ያለችው ሴትዮ «እርስዎስ የት ላይ ነው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። ከሷ ከሚሰሙት ካንቺ ቢሰሙት አይሻልም?

ቤቱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ በማን ስም ነው? በሳቸው ስም ከሆነ ውልና ማስረጃ ወስዳችሁ ልታስፈርሟቸው ነው፣ ምን ብላችሁ? ለፓስፖርቱ አሻራ ሲሰጡስ? ሚስጥሩ እዛው ነው የሚፈርሰው። ወንድምሽን ግን አትቀየሚው፣ ከሩቅ ሆኖ ያለው እጅ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ በሱ ነው የሚሮጠው፣ ማልቀሻው ዶላር ሆኖበት ነው። እኔ የምልሽ ገንዘቡ ይጠበቅ፣ መጀመሪያ ግን በምን ላይ እንደሚወጣ ይታወቅ ነው። እሱን የሚወስነው ደሞ ያ ወረቀት ላይ ያየሽው ቃልና ገና ያልተሰራ አንድ ምርመራ ነው።

የሳንባ ካንሰር አንድ በሽታ እንዳይመስልሽ። በትልቁ ሁለት ነው፣ ስሞል ሴል የሚባለውና ነን ስሞል ሴል የሚባለው። ስሞል ሴል ከ100 ታማሚ 15 ገደማ ላይ ነው የሚገኘው፣ ከሞላ ጎደል የአጫሾች በሽታ ነው፣ በጣም ፈጥኖ ይሰራጫል፣ ኬሞና ጨረር ላይ መጀመሪያ ቶሎ ይቀልጣል ግን አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። የቀረው 85ቱ ነን ስሞል ሴል ነው፣ እሱም ውስጥ ስኳመስ የሚባለው አለ፣ እሱም ከሲጋራ ጋር የጠበቀ ነገር አለው፣ ትልልቆቹ የአየር ቧንቧዎች አካባቢ ስለሚበቅል ደም ማስተፋት ይወዳል፣ የእናትሽ አዲኖካርሲኖማም እዚሁ ውስጥ ነው። ከሁሉም በብዛት የሚታየው እሱ ነው፣ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ላይ በተለይ ሴቶች ላይ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚሆነው።

አሁን ከባዱን ልጻፍልሽ። ወንድምሽ ኦፕሬሽን የሚለው በሽታው አንድ ቦታ ላይ ተወስኖ ሲገኝ የሚሰራ ነው፣ ያኔ የሳንባው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና ሰው ሊድን ይችላል። ውሃው ውስጥ የካንሰር ሴል ከተገኘ ግን ሀኪሞች ደረጃ 4 ነው የሚሉት፣ በዚህ ደረጃ ሳንባ ቆርጦ ማውጣት በሽታውን አያወጣውም፣ ህንድም ቢሆን ጀርመንም ቢሆን ያው ነው። እጄ እየከበደኝ ነው የጻፍኩልሽ፣ ግን ቤት ተሽጦ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናት አውሮፕላን ላይ ተሳፍረው፣ እዛ ደርሰው «ኦፕሬሽን አይሆንም» ተብለው ከሚመለሱ አሁን ብትሰሚው ይሻላል። ማክሰኞ ሀኪሙን በቀጥታ «ኦፕሬሽን የሚታሰብ ነገር ነው ወይ? ካልሆነ ለምን?» ብለሽ ጠይቂው፣ መልሱንም ከፈቀደልሽ በስልክሽ ቅጂውና ለወንድምሽ ላኪለት፣ ካንቺ አፍ ከሚሰማው ከዶክተሩ አፍ ቢሰማው ጸቡ ይቀንስላችኋል።

ደረጃ 4 ሲባል ግን የሚደረግ ነገር የለም ማለት አይደለም፣ እዚህ ጋ ነው ያ አንድ ምርመራ የሚመጣው። አዲኖካርሲኖማ ላይ አንዳንዴ የካንሰሩ ሴል ውስጥ የተቀየረ ጂን ይገኛል፣ ኢጂኤፍአር የሚባለው ዋናው ነው፣ ኤኤልኬ የሚባልም አለ፣ ሌሎችም አሉ። ሲጋራ አጭሰው በማያውቁ ሴቶች ላይ የመገኘቱ እድል ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ስለዚህ ለእናትሽ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም። ኢጂኤፍአሩ ከተገኘ መድሀኒቱ በየቀኑ ቤት ሆኖ የሚዋጥ ክኒን ነው፣ የቆዩት ጌፊቲኒብና ኤርሎቲኒብ ናቸው፣ አዲሱ ኦሲመርቲኒብ ነው። ዋናው ጥናት ላይ ኦሲመርቲኒብ ከወሰዱት ሰዎች ግማሾቹ 19 ወር ገደማና ከዛ በላይ በሽታው ሳይገፋባቸው ቆይተዋል፣ በቆዩት ክኒኖች ይሄው ጊዜ 10 ወር አካባቢ ነበር። አያድንም፣ ይገታል። ግን ትንፋሽ አጥሮት የነበረ ሰው ተነስቶ ቤተክርስቲያን ሲሳለም ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ኤርሎቲኒብን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 መሰረታዊ መድሀኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፣ ጌፊቲኒብንም በምትኩ እንደሚሆን አድርጎ፣ የህንድ ፋብሪካዎችም በርካሽ ይሰሩታል፣ ስለዚህ አዲሱ ከአቅም በላይ ቢሆን እነዚህን ጠይቁ።

ወንድምሽ የሚወደው ነገር ደሞ ልንገርሽ። ከእናትሽ የተወሰደው ናሙና በተመረመረበት በፓቶሎጂ ክፍል ሰም ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል፣ ብሎክ ይሉታል፣ የጣት ጥፍር የምታክል ነገር ናት። ምርመራው እዚህ ካልተሰራ ብሎኳ ራሷ ወደ ውጭ ተልካ ልትመረመር ትችላለች፣ እናትሽ ከአልጋቸው ሳይነሱ። ህንድ መሄድ ያለበት ሰው ካለ መጀመሪያ እሷ ትሂድ። ብሎኳ የት እንዳለች፣ ለጂን ምርመራ የሚበቃ ናሙና እንዳላት ማክሰኞ ጠይቂ። ወንድምሽ ብር ላውጣ ካለ መጀመሪያ እዚህ ላይ ያውጣ፣ ቤቱ ከዛ በኋላ ይደረስበታል።

ጂኑ ካልተገኘስ? ያኔ ኬሞ ነው ዋናው፣ ለዚህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ካርቦፕላቲንና ፔሜትሬክሰድ በየ21 ቀኑ በግሉኮስ መስመር ይሰጣል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዙር። የዚህ ኬሞ ፀጉር ማርገፍ እህትሽ እንደምታስበው ያህል አይደለም፣ ይልቅ ደም ማነስ፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ አለው፣ ትኩሳት ከመጣ ደሞ «ነገ ይሻላል» ሳይባል በዛው ሰዓት ሀኪም ቤት ነው። ኢሚዩኖቴራፒ የሚባል በደም ስር የሚሰጥ መድሀኒትም አለ፣ የራሳችንን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያስነሳ፣ ወንድምሽ ጎግል አድርጎ እሱን ይላል ብዬ እፈራለሁ። ጥሩ መድሀኒት ነው ግን በጣም ውድ ነው፣ ኢጂኤፍአር ያለበት ሰው ላይ እምብዛም አይሰራም፣ ከሱ በኋላ ወደ ክኒኑ መዞርም ሳንባ ሊያስቆጣ ይችላል፣ ስለዚህ የጂን ውጤት ሳይመጣ አትቸኩሉበት። ጨረር ደሞ ካንሰሩ አጥንት ላይ ወይ ጭንቅላት ላይ ካረፈና ካሳመመ ለዛ ቦታ ይጠቅማል።

አሁን አንድ ደብዳቤሽ ውስጥ ያልጻፍሽው ነገር አለ። የቲቢውን መድሀኒት አቁመዋል ወይስ አሁንም እየዋጡ ነው? ውስጡ ሪፋምፒሲን የሚባል አለ፣ ሽንት የሚያቀላው፣ እሱ የነገርኩሽን ክኒኖች ሁሉ ሰውነት ውስጥ ቶሎ ያስወግዳቸዋል፣ ሰው በብዙ ብር የገዛውን መድሀኒት እየዋጠ ሳይሰራለት ይቀራል። በራስሽ አታስቁሚ፣ ግን የካንሰር ሀኪሙና የቲቢው ክፍል እንዲነጋገሩ አድርጊ። እንደዛው ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ከጌፊቲኒብና ከኤርሎቲኒብ ጋር አይስማማም፣ የኛ እናቶች ደሞ ኦሜፕራዞል እንደ ከረሜላ ነው የሚወስዱት፣ ጠይቂያቸው።

አራት ወር ባከነ ብለሽ ራስሽን እየበላሽ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ገብቶኛል። እስኪ ቋንቋችንን ራሱ ተመልከቺው፣ ካንሰርን ነቀርሳ እንለዋለን፣ ቲቢን የሳንባ ነቀርሳ እንለዋለን፣ በስም እንኳን አንድ ላይ ነው ያሰርናቸው። ሳሉ ያው፣ መክሳቱ ያው፣ የሌሊት ላቡ ያው፣ ራጅ ላይ ያለው ጥላ ያው፣ ቲቢ በበዛበት አገር ደሞ ሀኪም መጀመሪያ የሚያስበው ቲቢን ነው። የሚያናድደኝ አክታ ላይ ሳይገኝ ተጀምሮ፣ ሁለት ወር ሞልቶት ሳይሻል ሲቀር «ቆይ ሌላ ነገር ይሆን?» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። የሱ ጥፋት ያንቺ አይደለም፣ አንቺ ራጅ አንባቢ አይደለሽም።

የባለቤትሽ አክስት ላሉት ነገር፣ ሲጋራ ዋናው መንስኤ መሆኑ እውነት ነው፣ የሚያጨስ ሰው ከማያጨሰው ከ15 እስከ 30 እጥፍ ይበልጥ ይጋለጣል። ግን ዓለም ላይ የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ከ10 እስከ 25 ፐርሰንቱ አጭሰው አያውቁም። የሌላ ሰው ሲጋራ ጭስ፣ የናፍጣ ጭስ፣ የከተማ አየር፣ አስቤስቶስ፣ ከመሬት የሚወጣው ራዶን የሚባል ጋዝ፣ የድሮ ቲቢ ጠባሳ፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። የማገዶ ጭስን ደሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል በ2006 «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» የሚለው መደብ ውስጥ አስገብቶታል። እናትሽ ስንት ዓመት ነው ድፍድፍ ጥደው እሳት ስር የተቀመጡት? በር ተዘግቶ፣ ባህር ዛፍና ኩበት እየነደደ፣ እሳቱ እንዳይበረታም እንዳይጠፋም ተጎንብሰው እፍ እያሉ፣ ከሌሊት ጀምሮ። ያመጣው ያ ጭስ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚነግርሽ ሀኪም የለም፣ እኔም አልልም። «እኛን ለማሳደግ ነው የታመመችው» ወደሚለው ሀሳብ ግን እንዳትገቢ፣ ማለቂያ የለውም፣ እናትሽም ቢሰሙሽ ይቆጡሻል። አክስትየው ደግመው ከጠየቁሽ «አጭሳ አታውቅም» በይና ቡናውን ቅጂ፣ በቃ። ደሞ ቢያጨሱስ ኖሮ? የሚያጨስ ሰው መታመም ይገባዋል ያለው ማነው?

እህትሽን እንደ ጠላት አትይያት፣ ጸበል የምትለው እናቷን ስለምትወድ ነው፣ ምናልባትም እናትሽ ራሳቸው ጸበሉን ይፈልጉት ይሆናል፣ ጠይቃችኋቸዋል? ጸበልና መድሀኒት አይጣሉም፣ በኤችአይቪው ጊዜ ሰው መድሀኒቱን እየጣለ ሲሄድ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ሁለቱም አብረው ይወሰዱ ብለው ተናግረዋል። እህትሽ ትውሰዳቸው፣ አንቺም አብረሽ ሂጂ፣ ሁለት ነገር ብቻ ተስማሙ፣ መድሀኒት አይቋረጥ፣ እየተንቀጠቀጡ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አይቁሙ፣ መጠጣትና መቀባትም ጸበል ነው። ጾሙንም ከነፍስ አባታቸው ጋር ተነጋገሩበት፣ የከሳ ሰው ኬሞ እየወሰደ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ሲል ቄሱ ራሳቸው ናቸው «ይብቃሽ» የሚሉት፣ ካንቺ አፍ ከሆነ ግን አይሰሙሽም።

ውሃው ተመልሶ ሊቋጥር እንደሚችልም እወቂ። ትንፋሻቸው ሲያጥር፣ ጠፍጣፋ መተኛት ሲያቅታቸው፣ ትራስ ሲደራርቡ ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ደጋግሞ ከቋጠረ ሁለቱን የሳንባ ሽፋኖች አጣብቆ እንዳይቋጥር የሚያደርግ ህክምና አለ፣ ጠይቂ። ህመም ካለ ሞርፊን ሲባል አትደንግጡ፣ በሀኪም ልክ የሚሰጥ ሞርፊን ሱስ ለማስያዝ አይደለም፣ ትንፋሽ ማጠሩንም ያቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል ድርጅት አለ፣ እንደዚህ ያሉ በሽተኞችን ቤት ድረስ እየሄደ የሚያይ፣ ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲም አለ፣ የካንሰር ታማሚዎችን የሚደግፍ። መጨረሻ ሲደርስ ብቻ የሚጠሩ አድርገሽ አትያቸው፣ ከአሁኑ ተዋወቂያቸው።

ሺሻው ላይ ረጅም ስብከት አልሰብክሽም፣ አንቺው ታውቂዋለሽ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብለሽ የምትስቢው ጭስ ደሞ ከአንድ ሲጋራ በብዙ ይበልጣል። አቁሚው፣ ያቆመ ሰው ሳንባ ውለታ አይረሳም፣ አጫሾች ላይ ከአስር ዓመት በኋላ የካንሰሩ ስጋት ካላቆሙት ጋር ሲተያይ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ይወረሳል ወይ ላልሽው (አላልሽም ግን አስበሻል) የነገርኩሽ የጂን ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰሩ ሴል ውስጥ ብቻ የተፈጠረ ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ አይደለም። እናቱ የታመመችበት ሰው ስጋቱ ትንሽ ከፍ ማለቱ አልቀረም፣ ስለዚህ ሶስት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይ ደም ያለበት አክታ ካየሽ አትደብቂ፣ ዛሬ ምንም ሳይኖርሽ ግን ሌሊት ተነስተሽ ደረትሽን እየነካካሽ አታድሪ። ለመሆኑ ባለቤትሽ ይሄን ሁሉ ያውቃል? ደብዳቤሽ ውስጥ አክስቱን እንጂ እሱን አላገኘሁትም።

እስከ ማክሰኞ ብዙ ቀን የለሽም። እናትሽን ከቀጠሮው በፊት አናግሪያቸው፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ፣ ወንድምሽን ደሞ ከዛ በፊት ደውለሽ «ልጠይቃት ነው» በይው፣ ፈቃድ አትለምኚው፣ አሳውቂው። ሲቲ ስካኑን ከነሲዲው፣ የፓቶሎጂውን ወረቀት፣ የውሃውን ውጤት ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጊ፣ ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጻፊ፣ ኮሪደር ላይ የሆንሽውን ታስታውሻለሽ፣ ጆሮ በድንጋጤ ይዘጋል። ዶክተሩ ለብቻሽ ቢጠራሽ እናትሽ የመረጡትን ንገሪው፣ ማወቅ እፈልጋለሁ ካሉ «እሷም ትግባ» በይ። ከቤት ስትወጡ ደሞ የቲቢውን መድሀኒት የተረፈውን ከነማሸጊያው፣ ኦሜፕራዞሉንም ካለ፣ ቦርሳሽ ውስጥ መክተትሽን እንዳትረሺ።